በገመድ የወረደችው መኪና

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሴቻ ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የወንድሜ መኪና ፍሬን ሲይዝ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር። ብረት በብረት ሲፋቅ የሚወጣው ዓይነት፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጩኸት ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው “ማቴዎስ መጣ፤ ምሳውን አቅርቡለት” ይሉን ነበር። ያኔ እንስቅ ነበር። በዚያ ጩኸት መሳቅ ያቆምኩበትን ቀን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አርባ ምንጭ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልገባም፤ የራሱ መኪና ያለው ሰውም በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ሴቻ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራለሁ። ማቴዎስ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ “ጋሼ” ነው የምለው። የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና እየነዳ ሙዝ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። አላገባም ነበር። መጠጥ አይቀምስም። እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄድና እሱ ሁልጊዜ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አንድ ድክመት ብቻ ነበረው፤ ፈጣን መኪና ሲያይ ነፍሱን አያውቅም።

ከተማችን ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ኮንትራቱን ጨርሶ ሊሄድ ሲል ባለሁለት በር ስፖርት መኪናውን ሸጠለት። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ የደበዘዘ መኪና ናት። ሰውየው በወጣትነቱ ይወዳደርባት ነበር አሉ። ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማል። ማቴዎስ የብዙ ዓመት ጥሪቱን አፍስሶ ገዛት። እውነቱን ለመናገር ለእኛ መንገድ የምትሆን መኪና አልነበረችም፤ ሆዷ ድንጋይ ይነካል። ቢሆንም ከሙዝ ጉዞ በተመለሰ ቁጥር ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ሲያጥባት ፊቱ ላይ የማየውን ደስታ ሌላ ቀን አላየውም። ለሠርግም ይለምኑት ነበር። በአበባ ተሸፍና፣ ሙሽሮቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ፍሬኗ ይጮህና መዘምራኑ መዝሙሩን አቋርጠው ይስቃሉ።

የፍሬኑ ሸራ አልቆ ነው። ሸራ የሚባለው፣ ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ሳህን ጨምቆ የሚያቆመው ነገር ነው፤ ሲያልቅ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። ማቴዎስ አዲስ አበባ ሙዙን አራግፎ ባደረ ቁጥር የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። ያረጀውን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ እየያዘ በየሱቁ ያሳያል። ነጋዴዎቹ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩና ይመልሱለታል።

“ወንድሜ፣ የዚህች ዕቃ አገር ውስጥ የለም። ከውጭ ማስመጣት ነው” ይሉታል።

ማስመጣቱ ደግሞ ከእሱ አቅም በላይ ነበር።

ሲቀላ ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ደምሴ መላ አበጁለት። ያለቀውን ሸራ ከጀርባ ብረቱ ላይ ፍቀው አነሱ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ላይ በልኩ በመጋዝ ቆርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ በማጣበቂያና በሪቬት አሠሩት። የተቦረቦረውን የብረት ሳህን ቶርኖ ቤት ወስደው አስላጩት። ጩኸቱ እንዲቀንስ ብለው የሸራውን ጠርዝ በሰያፍ ሞረዱት፤ ከኋላውም ስስ ቆርቆሮ አስገቡበት። ለጥቂት ሳምንታት ጸጥ አለች። ከዚያ ጩኸቱ ተመለሰ። እንደገና ወሰዳት፤ እንደገና ጸጥ አለች፤ እንደገና ጮኸች። ሁለቱም ነገሩ ማዘግየት እንጂ ማዳን እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

“ለከተማ ትበቃሃለች” ይሉታል ጋሽ ደምሴ።

“ለከተማ ነው እንጂ፤ እኔስ ተራራ አልወጣባትም” ይላቸዋል ማቴዎስ።

ተራራ ሲል የጨንቻን መንገድ ማለቱ ነው። እናታችን የምትኖረው እዚያ ላይ፣ ከዶርዜ አለፍ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ ገባ ባለ መንደር ነበር። እኛ ጋሞዎች እናትን “አዮ” ነው የምንላት። ከእኛ ጋር ትኑር ብለን ስንት ጊዜ ለምነናት የቆላው ሙቀት አይስማማኝም እያለች ተመልሳለች። ጥጥ ትፈትላለች፤ ሸማኔ ጎረቤቶቿ የእሷን ፈትል ይሻሙበታል። ከላንቴ ሜዳ ተነስቶ ወደ ደጋው ጉም የሚያወጣው መንገድ ያኔ ጠጠርና አቧራ ነበር። እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በአንድ በኩል የተቆረጠ አፋፍ፣ በሌላው በኩል ገደል። ኩርባ ላይ ቆም ብለው ወደ ታች ካዩ አባያ ሐይቅ እንደ ደፈረሰ ጎርፍ ቀልቶ ይታያል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ለመሄድ ስዘጋጅ በራችን ተንኳኳ። የአዮ የቅርብ ጎረቤት ሸማኔው ጋሽ ኦይሳ ናቸው። ወደ ገበያ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍረው ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። ይግቡ ብላቸው አልገቡም።

“ማቴዎስ አለ?”

“አለ፤ ተኝቷል። ትናንት ነው ከመንገድ የገባው። ምነው ጋሽ ኦይሳ?”

“እናታችሁ ታማለች። ሆዷን ነው። እህል አልቀመሰችም፤ ያስመልሳታል።”

“መቼ ጀመራት?”

መሬት መሬት አዩ። “ቆየት ብሏል” አሉ። “እኔ የሰማሁት ትናንት ማታ ነው። ለልጆቼ እንዳትነግሩ ብላ ነበር አሉኝ። እኔ ግን አላስቻለኝም።”

ማቴዎስ ድምፃችንን ሰምቶ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። የሚነዳውን የጭነት መኪና ነጋዴው ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ወደ እርሻ ልኮታል። ጋሽ ኦይሳን ያመጣቸው መኪና የሚመለሰው ገበያው ሲበተን አመሻሽ ላይ ነው። ሆስፒታል ሮጬ ጠየቅኩ፤ የሆስፒታሉ መኪና ሌላ በሽተኛ ሊያመጣ ሩቅ ሄዷል። ስመለስ ማቴዎስ ግቢው መሃል ቆሞ ቀይዋን መኪና ያያል።

“ጋሼ፣ ሌላ መኪና እንፈልግ” አልኩት።

“ከየት?”

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

“ስትወጣ ፍሬን አያስፈልጋትም” አለ። “ስንወርድ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እላለሁ። ግቢ።”

ጋሽ ኦይሳ የገበያ ዕቃቸውን ስላላደረሱ ቀሩ፤ እኔና እሱ ሄድን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ስንወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናዋ ተራራውን ስትበላው ጊዜ አልወሰደባትም። ሞተሯ እያገሳ ጠመዝማዛውን እያጠፈችው ወጣች። መንገድ ዳር የሚሄዱ ሰዎች ሸክማቸውን እንደያዙ ዞረው ያዩናል። ማቴዎስ ግን ፊቱ አልተፈታም። እያንዳንዱን ኩርባ ባለፍን ቁጥር ቁልቁለቱን በዓይኑ እየለካ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አዮ ከቀርከሃ በተሠራው ቤቷ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሆዷ ተነፍቷል። የመንደሩ ሴቶች የጠሩት ጤና ረዳት አጠገቧ ነበር፤ ማቴዎስን ይዞት ወደ ውጭ ወጣ። እኔም ተከተልኳቸው።

“ሆዷ ደንድኗል” አለን ዝቅ ባለ ድምፅ። “አንጀት ነው የምጠረጥረው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ዛሬውኑ አውርዷት።”

ጎረቤቶች በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጡልን። አዮ ስለዚያች መኪና ብዙ ሰምታለች እንጂ አይታት አታውቅም። ቃሬዛው ላይ እንዳለች አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት።

“ይቺ ናት እንዴ?” አለች በጋሞኛ። “ምነው ዝቅ አለች? እግር የላትም ወይ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማቴዎስም ሳቀና ፊቱን አዞረ።

የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝተን እዚያ ላይ አጋደምናት። እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ገብቼ ራሷን ያዝኩ። ማቴዎስ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ተነሳ።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬን የሚረግጠው ኩርባ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። በረገጠ ቁጥር ያ ጩኸት ተራራውን ይሞላል፤ ገደሉ ይመልሰዋል። አዮ በእያንዳንዱ ጩኸት ዓይኗን ትጨፍናለች። እየቆየ የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀመረ። ጩኸቱም ወፍራም ሆነ። ከዚያ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ድንገት ጸጥ አለ።

የዚያን ጸጥታ ያህል የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማቴዎስ እግሩን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁት። መኪናዋ ግን እንደማታውቀው ሆነች። ኩርባው እየቀረበ መጣ፤ ከኩርባው ወዲያ ሰማይ ብቻ ነው ያለው።

“ያዣት!” ብሎ ጮኸ።

የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪውን ወደ አፋፉ አዞረ። መኪናዋ በጎኗ የአፈሩን ግድግዳ እየፋቀች ሄዳ ሄዳ ቦይ ውስጥ ተንጋዳ ቆመች። መስታወት ተሰበረ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ሦስታችንም በሕይወት ነበርን።

ማቴዎስ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባ። ከዚያ ግንባሩን የመኪናዋ ጣራ ላይ ደገፍ አድርጎ ቆመ።

“ካልበረደ አይዝም” አለኝ። “ቢበርድም ሸራው የለም። ሰው ልፈልግ። እዚያ ማዶ ጭስ ይታየኛል፤ ቤት አለ።”

“ሂድ፤ እኔ አለሁ” አልኩት።

ሄደ። አዮና እኔ ብቻችንን ቀረን። አንድ ደመና መጥቶ ሸፈነን፤ ደግሞም አለፈ። ውሃ ጠይቃኝ ከንፈሯን አረጠብኩላት። ለቅጽበት ሕመሙ የተዋት ይመስል ድምፏ ጠራ።

“ምህረቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እሱ ግን እንዳይሰማ።”

“ምንድነው አዮ?”

“ሕመሙ ዛሬ አይደለም የጀመረኝ። ሰነበተ። ጎረቤቶቼ ሰው እንላክ ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“በመስቀል መጥቶ አልነበር? መኪናህን ለምን አላመጣሃትም፣ መንደሩ ይያት እንጂ ብዬ ብጠይቀው ‘ፍሬኗ መጥፎ ነው አዮ፤ በዚህ ተራራ ይዣት ብወጣ ትገለኛለች’ አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ታመመች ብለው ከነገሩት ያችኑ ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የወለድኩት፤ አውቀዋለሁ። የሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል ብዬ ጠበቅኩ።”

ግንባሯን ጠረግኩላት።

“አላለፈልኝም” አለች፤ በደከመ ፈገግታ። እጄን ፈልጋ ያዘች። ጣቶቿ ጥጥ ሲያከርሩ የኖሩ፣ ጫፋቸው የለሰለሰ ጣቶች ናቸው። “እንዳትነግሪው። ይኼ ልጅ ሸክም ይወዳል። ይሄን ከሰማ አያወርደውም።”

“አልነግረውም” አልኳት።

“ማይልኝ።”

ማልኩላት።

ማቴዎስ ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። እርሻ ላይ ያገኛቸውን ወንዶች አስከትሏል፤ ከመንገድ የተቀላቀሉም ነበሩ። ወፋፍራም የቃጫ ገመድ ተሸክመዋል፤ የቀርከሃ ቤት እንዳለ ተሸክሞ ለማዛወርና ግንድ ለመጎተት የሚጠቀሙበት፣ ከእንሰት የሚገመደው ገመድ ነው። ጠና ያሉት ሰውዬ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ምንም ሳይጠይቁ ከኋላዋ ያለውን ብረት በሁለት ገመድ አሰሩት። አንድ ከባድ የባህር ዛፍ ግንድም በሦስተኛ ገመድ ከኋላ አሰሩባት፤ እየተጎተተ እንዲይዛት።

“አንተ መሪውን ብቻ ያዝ” አሉት ማቴዎስን። “መያዙን ለእኛ ተወው።”

ከቦዩ አወጧት። ከዚያ ወረድን። ይህን ያላየ ሰው ያምነኝ እንደሆነ አላውቅም። በከተማችን ውስጥ የሚቀድማት ያልነበራት መኪና በሰው እርምጃ ትወርዳለች። ከኋላዋ ወንዶቹ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ ተረከዛቸውን ጠጠሩ ውስጥ እየተከሉ፣ ወደ ኋላ ተንጋለው ይይዟታል። ግንዱ ከኋላ አቧራ እያስነሳ ይንኳኳል። ጠናው ሰውዬ ሥራ ላይ የሚያዜሙትን ዜማ አወጡ፤ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። የመዳፋቸው ቆዳ ሲላጥ ነጠላቸውን ይጠቀልሉበታል እንጂ አይለቁም።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ዳር እየቆሙ አዩን። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ ሰው ከኋላዋ ተሰልፎ እያዜመ ሲያዩ አስከሬን የያዘች መሰላቸው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ።

አዮ ዓይኗን ገለጠች።

“ለማን ነው የሚያለቅሱት?”

“ለሌላ ሰው ነው አዮ” አልኳት። “የሞተባቸው አለ።”

“እግዚአብሔር ያጽናናቸው” አለች፤ ዓይኗንም መልሳ ጨፈነች።

ማቴዎስ መሪውን እንደያዘ እንባው ወደ አገጩ ይወርድ ነበር። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ስለነበሩ አልጠረገውም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ገመዱን ፈቱ። እናመስግን ብንል “ሂዱ! ሂዱ!” ብለው በእጃቸው ገፉን። የአንዳቸውን እንኳ ስም ሳልጠይቅ ተለያየን። ማቴዎስ ማርሽ ቀየረ። ከዚያ በላንቴ፣ በሻራ፣ በዚያ ረጅም ሜዳ ላይ መኪናዋ የተሠራችበትን ነገር አደረገች። የሙዙ እርሻ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ መስመር ሆነ። ማቴዎስ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ፣ ከብት ባየ ቁጥር ከሩቁ ነዳጅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚያቆምበት የለውማ። አዮ ራሷን ወደ መስኮቱ አዘነበለች።

“ፈጣን ናት” አለች።

“አዎ አዮ፤ ፈጣን ናት” አላት።

ከዚያ በኋላ ከእሷ የሰማነው የሕመም ድምፅ ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ የሚያቆማት አላስፈለገም፤ መግቢያው ላይ ያለው ዳገት ራሱ ፍጥነቷን ገደለው። አዮን ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምተው መጡ፤ ጸለዩ። ማቴዎስ ከጸሎቱ መሃል ተነስቶ ወጥቶ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ከሩቁ አይቶ ተመለሰ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ወጣት ነው። ሲወጣ ጭምብሉን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። ከፊታችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ቆሞ እንዳልነገረን ሁልጊዜ አስታውስለታለሁ።

“አንጀታቸው ተጠምዝዞ ደም አጥቶ ቆይቷል” አለን። “ብዙው ክፍል ሞቷል። የቻልነውን አድርገናል። አሁን በጣም ደክመዋል።”

“ቀድመን ብንደርስስ?” አለ ማቴዎስ። “ተራራው ላይ ቆመን ነበር። መኪናው ተበላሽቶ። ያን ሁሉ ሰዓት ባንቆምስ?”

“የዛሬው ሰዓት ለውጥ አያመጣም ነበር” አለው ሐኪሙ። “ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ ግን...” አልጨረሰውም።

ማቴዎስ ወደ እኔ ዞረ።

“ለምን ቀድማ አልላከችብንም?”

“አላውቅም ጋሼ” አልኩት።

አዮ ከማደንዘዣው ሳትነቃ በዚያው ሌሊት አረፈች።

እዚያው ተራራዋ ላይ ቀበርናት። የወጣነው ነጋዴው በሰጠን የጭነት መኪና ነው። ገመድ የያዙት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው፤ ማን እንደነገራቸው አላወቅንም። አብረውን ወጥተው አፈር አለበሱ። መዳፋቸው በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር።

ማቴዎስ ከዚያ በኋላ ሐኪሙን አላመነውም። “አዝኖልኝ ነው እንዲያ ያለኝ” ይላል። “እኔ ነኝ ተራራ ላይ ያስቀመጥኳት።” መኪናዋን ዕቃዋን ፈታትቶ ለሚሸጥ ሰው ሸጣት፤ የሚያውቃት ሰው መንገድ ላይ ስለ እሷ ሲጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ሙዙን ማመላለሱን አልተወም። ቆይቶ አገባ፤ ልጆችም ወለደ። ሰው ሲያየው ደህና ሰው ነው። የአዮ ስም በተነሳ ቁጥር ግን ያችኑ ጥያቄ ያነሳል፤ ለምን አልላከችም? እኔም ያችኑ መልስ እመልሳለሁ፤ አላውቅም።

እውነቱን ብነግረው ይሻለው ነበር እንዴ እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። አንዳንዴ ይሻለው ነበር እላለሁ። ቢያንስ ያለ ጥፋቱ የተሸከመው ያ ሰዓት እሷን እንዳልገደላት በተረዳ ነበር። ግን በምትኩ ምን ልሰጠው ነው? በመስቀል ቀን ቤቷ ተቀምጦ የሳቀውን ሳቅ ልሰጠው ነው። ከሁለቱ ሸክሞች የትኛው እንደሚቀል መዝኜ አላውቀውም። የማልኩት ለአዮ ነበር፤ መሐላዬን ጠበቅኩ።

ባለፈው ዓመት ማቴዎስ በኩላሊት ሕመም አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ ወጥተዋል።

“ምህረት” አለኝ። “ለምን ይመስልሻል ያልላከችው?”

“እኛን ላለማስቸገር ነው ጋሼ” አልኩት። ከእውነቱ ይህን ያህሉን ብቻ ነው መስጠት የቻልኩት።

“እሷ እንዲህ ናት” አለና እጄን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ስለ ልጆቹ ትምህርት ማውራት ጀመረ።

አሁን ይህን ብናገር የሚጎዳ ሰው የለም። ለዚህ ነው ለእናንተ የነገርኳችሁ። መኪና ያለው ሰው ከዚህ ስለ መኪና የሚማረው ነገር አለ፤ እሱን ባለሙያ ይንገራችሁ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። አቅማችሁ ያልቻለውን፣ እየጠጋገናችሁ የምትኖሩበትን ነገር የሚወዷችሁ ሰዎች ያውቁታል። እየሳቃችሁ ብትነግሯቸውም እነሱ አይስቁም። ይይዙትና እናንተን ላለማስጨነቅ ሲሉ የራሳቸውን ሕመም ዋጥ ያደርጋሉ። ሄዳችሁ “ደህና ነሽ ወይ?” ስትሏቸው “ደህና ነኝ” ይሏችኋል። ያንን መልስ አትመኑት። ደግማችሁ ጠይቁ። ለእኔ ብለሽ የደበቅሽኝ ነገር አለ ወይ በሏቸው።

እኔም ዛሬ አርጅቻለሁ። ሴት ልጄ ሀዋሳ ትማራለች። በዚህ ሳምንት ጀርባዬን አሞኝ ሁለት ቀን ተኛሁ፤ ስትደውልልኝ “ደህና ነኝ” የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

“እማ፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም” አለችኝ። “ፈተና አለብኝ፤ መንገዱም ጥሩ አይደለም ይላሉ። ግን ካመመሽ እመጣለሁ። ልምጣ ወይስ ልቅር?”

አዮን አሰብኳት፤ ማቴዎስንም።

“ነይ” አልኳት።